እኔን ያለችው ለማን ነው?

ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ መኪኖች መሪውን ለሰው ይመልሳሉ። ሕጉ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ጥርት ባለ ቀን፣ በደረቅ አስፋልት፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ሊነዳበት በሚችል ሜዳ ላይ መኪናው ራሱን ይነዳል፤ ተሳፋሪው ይተኛል፣ ያነባል፣ ጥፍሩን ይቆርጣል። ሰው እጁን ዘርግቶ ጣቱን የማያይበት ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ግን መሪው ከተደበቀበት ብቅ ይልና አንድ ጨዋ ድምፅ «ከዚህ በኋላ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው» ይላል። ማሽንና ሰው ማን ብልጥ እንደሆነ እዚህ ላይ ይለያል።

ምንተስኖት ገዛኸኝ የሚተዳደረው በዚህ ሕግ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ «የግጭት መልሶ ግንባታ ክፍል» በሚባል መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነው፤ ሕዝቡ ቤቱን «ጉም ቤት» ይለዋል። በጉም ውስጥ የተጋጩ መኪኖች የመዘገቡት ሁሉ፣ ፍጥነቱ፣ ፍሬኑ፣ የመሪው መዞር፣ የተሳፋሪው ትንፋሽ ሳይቀር ወደዚያ ይመጣል። ሠራተኞቹ ዳኜ የሚሉት ማሽን ይህን ሁሉ አንድ ላይ ሰፍቶ ግጭቱን ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንደገና ያቆመዋል። ምንተስኖት ጫማውን አውልቆ በመካከሉ ይመላለሳል፤ ሲፈልግ ያስቆመዋል፣ ሲፈልግ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ሲፈልግ ጉሙን እንደ አንሶላ ገፎ ከሥሩ ያለውን ያያል። ዳኜ ለእያንዳንዱ መኪና የጥፋት ድርሻ ያወጣል፤ ምንተስኖት አይቶ ይፈርማል። ማሽን ብቻውን የሰውን ልጅ መኮነን የለበትም ተብሎ የተቀመጠ ሰው ነው። አልፈርምም ያለበትን ቀን ግን አያስታውስም።

የጥፋት ድርሻው ከግማሽ ያለፈ ሰው እግረኛ ይደረጋል። እስር የሚባል ነገር የለም። ለአሥር ዓመት መኪናም፣ አውቶቡስም፣ ባቡርም በሩን አይከፍትለትም፤ አገሩ እግሩ እስከደረሰበት ድረስ ነው። በማለዳ በከተማው ጎዳና ላይ ጫማቸው ያለቀ፣ ፈጠን ፈጠን የሚሉ ሰዎች ይታያሉ። ሰው ሰላም ይላቸዋል፤ የት እንደሚሄዱ ግን አይጠይቃቸውም።

መኪና ውስጥ የተነገረ ቃል ሁሉ ማስረጃ ነው። ከግጭቱ በኋላ የሚነገረው ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ሰው ካጠፋ በኋላ የሚናገረው ራሱን ለማዳን ነው ብሎ ሕጉ አንዴ ደምድሟል። ስለዚህ አገሬው ጨዋታውን ጨርሶ፣ ተሳስቆ፣ ከተጣላም ታርቆ ነው የሚሳፈረው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ሁሉም ዝም ነው። ባልና ሚስት ከደብረ ብርሃን ደሴ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ይደርሳሉ። ዝም አይነቅዝም እንዲሉ፣ ይህንኑ ጽፎ የመኪናው በር ላይ የለጠፈም አለ።

ምንተስኖት ቀናተኛ ነው። ይህን ደብረ ብርሃን ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ያልሰማው እሱ ብቻ ነው። እሱ ራሱን ጠንቃቃ ይላል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለው ተረት ከአፉ አትጠፋም። ሚስቱ መቅደላዊት አዋላጅ ነርስ ናት፤ እንግዲህ ከሴቶች ጋር የምትውል፣ ከወንድ ጋር የማያገናኝ ሥራ ነው ብሎ ማንም ልቡን ያሳርፍ ነበር። እሱ ግን አባቶች አሉ ይላል። አንዱ አባት ደስ ብሎት የተወለደችለትን ልጅ መቅደላዊት ብሎ ቢሰይማት፣ ምንተስኖት ቤቱ ገብቶ ሦስት ሳምንት አኮረፈ። «አገር ሙሉ ስም እያለ!» አለ፤ ሌላ የሚለው አልነበረውም።

በነሐሴ መጀመሪያ ከጣርማ በር ቁልቁለት ላይ አሥራ አንድ መኪኖች ተጋጩ። አንድ ሽማግሌ ሞቱ፤ ብዙ ሰው ተጎዳ። ጉዳዩ ወደ ጉም ቤት መጥቶ ለምንተስኖት ደረሰው።

አዳራሹ ውስጥ ሲገባ ግጭቱ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፤ አውቶቡስ ከኋላው ሄዶ ገብቷል፤ የቀሩት ከላይ እየመጡ ነው። ሰዎቹ ግራጫ ናቸው፤ ፊት የላቸውም። አድልዎ እንዳይኖር ፊታቸው ይጠፋል፣ ስማቸው ቁጥር ይሆናል፣ ሁሉም የሚናገሩት በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም። ባለሙያው አንዱን እንኳ ካወቀው በዚያው ደቂቃ አስታውቆ ጉዳዩን ለሌላ መልቀቅ አለበት። ሥራው ላይ ሲቀጠሩ የሚምሉት በዚህ ነው።

አንድ፣ ሁለት እያለ መኪና ቁጥር አምስት ጋ ደረሰ። ወደ ሸዋ ሮቢት የምትሄድ፣ ሰው የሚጋራት ትንሽ መኪና ናት። ፊት ወንበር ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ በግራ አንዲት ሴት፣ በቀኝ አንድ ወንድ። መሪው ብቅ አለ፤ ጨዋው ድምፅ የተለመደውን ተናገረ። ግራጫዋ ሴት መሪውን ከመያዟ በፊት ሁለት እጆቿን ከክርኗ አጥፋ ወደ ላይ አነሳች፤ ታጥባ ውኃው በክርኗ በኩል እስኪንጠፈጠፍ እንደምትጠብቅ ሰው። ከዚያ ያዘችው።

ምንተስኖት ማሽኑን አስቆመው። ወጥ ከማማሰሏ በፊት፣ በር ከመክፈቷ በፊት፣ አልጋ ከማንጠፏ በፊት እጇን እንዲህ የምታነሳ አንዲት ሴት ነው የሚያውቀው። ማዋለጃ ክፍል ያስለመዳት ነገር ነው። በግጭቱ ቀን ደግሞ «ከተማ ውስጥ ስልጠና አለብኝ» ብላው ወጥታ፣ ማታ ግንባሯ ተልጦ ተመልሳ «የአልጋ ብረት መታኝ» ብላው ነበር።

ያን ጊዜ ሄዶ ማስታወቅ ነበረበት። አላስታወቀም። ዓይኑ ያረፈው በቀኝ በኩል በተቀመጠው ሰውዬ ላይ ነው።

«ቀጥል» አለ ለማሽኑ።

መኪናዋ ቀስ ብላ ወረደች። አንድ ቃል የለም። ድንገት ሴትየዋ በዚያ በሁሉም ሰው ድምፅ፣

«እኔን!» አለች።

ወዲያው መሪውን ወደ ግራ መነጨቀችው። ጎኗ የነበረችውን ፒካፕ መታች፤ ፒካፑ ዞሮ መንገዱን ዘጋ፤ ከላይ የሚመጡት አንዱ በአንዱ ላይ ተከመሩ። ሽማግሌው የሞቱት እዚያ ውስጥ ነው።

ዳኜ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። የቁጥር አምስት ድርሻ፦ ሰባ ከመቶ። ምክንያት፦ እስከ አውቶቡሱ ድረስ መንገዱ ፊቷ ክፍት ሳለ ያለ ምክንያት ታጥፋለች። በተጨማሪም ከመጋጨቷ በፊት ጥፋቱን በአንደበቷ ተቀብላለች፤ «እኔን» ብላለች። ማሽኑ ቃሉን ጎዶሎ ዓረፍተ ነገር ነው ብሎ ሞልቶታል፤ «እኔን ጠይቁ» ማለቷ ነው ብሎ።

ምንተስኖት ይህን አነበበና አላነበበም። ሰባ ከመቶው በጆሮው አልገባም። እኔን! ሰው እኔን የሚለው ለምን ነው? ሌላው ሲደናቀፍ፣ ሲቃጠል፣ ሲመታ፣ በእሱ ፋንታ እኔን ያርገኝ ሲል ነው። እሷም ጎኗ ለተቀመጠው ሰውዬ ነፍሷን ልትሰጥ ነበር ማለት ነው። እንደ ጤፍ አበጥሮ አየው። ሰውየው ጭንቅላቱን ወደ እሷ ዘንበል አድርጓል። ዘንበል! ምንተስኖት በቅናት ደበነ። ወደ ኋላ መለሰው፤ እንደገና አጫወተው። እንደገና። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ሰውየው አሁንም ዘንበል እንዳለ ነው።

ለሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። ቤቱ ሲገባ ሚስቱን ከጎን ያያታል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ አይናገርም። የግንባሯ ቁስል እየደረቀ ነው። በሦስተኛው ቀን እራት ላይ ሊያጠምዳት ፈለገ።

«ስልጠናው እንዴት ነበር ለመሆኑ?»

«ደህና ነበር።»

«ብዙ ሰው መጣ?»

«መጥቷል።»

ጥሩ ወጥመድ ነበር፤ በቀስታ ቢሄድበት ያዋጣው ነበር። ግን ቅናት ትዕግሥት የለውም። ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠና «እኔን ያልሽው ለማን ነው?» አለ።

መቅደላዊት መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ገባት፤ ፊቷ ነጣ።

«ለአንተ ደረሰህ?» አለች። «እዚያ ቤት ስንት ባለሙያ አለ፣ ለሌላ ሰው ይደርሳል ብዬ ነበር። ችሎት ተጠርቻለሁ፣ ምንተስኖት። ልነግርህ አስቤ ነበር…»

«ለማን ነው?»

«አየኸኝ አይደል? ከሆነ ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«ጎንሽ የተቀመጠው ማን ነው?»

«አላውቀውም። መኪናዋ ናት መንገድ ላይ ያሳፈረችው። አንድ ቃል አልተናገረም። ተኝቶ ሲያንኮራፋ ነበር።»

«እንደሚያንኮራፋ በምን አወቅሽ?»

«ጎኔ ነው'ኮ ያለው! ጆሮ የለኝም?» ድምጿ ከፍ አለና መልሳ አወረደችው። ረዥም ትንፋሽ ወሰደች፤ ምጥ ለያዛት ሴት እንደምታስረዳ ረጋ ብላ ቀጠለች። «ስማኝ። ከተጋጨው አውቶቡስ አንድ ሰው ወርዶ፣ ጃኬቱን እያውለበለበ ሽቅብ ይሮጣል። እኛን ሊያስቆመን። ጉም ነው፤ ፊቴ ላይ ነው ድንገት የታየኝ። እግሩ ከዳውና ድፍት አለ። እኔን አልኩ። መሪውን አዞርኩ። ሌላ ምን ላድርግ? ልሂድበት? ከዚያ ብነግራቸው ማን ይሰማኛል፤ ከግጭት በኋላ የተባለ ነው አሉኝ።»

የሞቱት ሽማግሌ፣ ሰባ ከመቶው፣ የአሥር ዓመቱ እግረኝነት፣ ይህ ሁሉ ፊቱ ነበር። ምንተስኖት ግን፦

«ታውቂዋለሽ?» አለ።

«ማንን?»

«የወደቀውን።»

መቅደላዊት አየችው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«እቤት ውስጥ እኔን የሚለውን ቃል ከተናገርኩ ስንት ጊዜ ሆነ?» አለች። «ታስታውሳለህ? ያ ዕቃ አመላላሽ ደጃችን ላይ ተደናቅፎ ሲወድቅ እኔን ብል፣ ስሙን ጠየቅኸኝ። የት እንደምንተዋወቅ ጠየቅኸኝ። አንድ ወር ሙሉ ዕቃ እንዳናዝ ከለከልከኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ ባለህበት የወደቀ ይውደቅ ብዬ አፌን ዘጋሁ። ለሥራ ቦታዬ አስቀመጥኩት። አንተ እንኳ ስትደናቀፍ አይወጣኝም። ለምዶብኝ ቀረ።»

«ሸዋ ሮቢት ምን ልትሠሪ ነበር?»

«ጤና ጣቢያው ሥራ ሰጥቶኛል። ቤት ልይ ነበር የሄድኩት።» ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። «ልሄድ ነው፣ ምንተስኖት። እንዳትከለክለኝ ብዬ ነው በስልጠና ያሳበብኩት። አሁን ግን እንጃ፤ እግረኛ ካደረጉኝ ወዴት እሄዳለሁ?»

ይህችን የመጨረሻ ነገር የተናገረችው ለራሷ ነበር። በምንተስኖት ጆሮ ውስጥ ግን ያችው ነገር ቀረች።

በማግሥቱ አዳራሽ ገብቶ ያለችውን መረመረ። የመኪና ዓይን ጉም ውስጥ አያይም፤ መሪውንም የሚመልሰው ስለዚህ ነው። ስለዚህ ዳኜ የወደቀ ሰው አላቆመም። አውቶቡሱ ግን በሩ መከፈቱን፣ አንድ ሰው የሚያህል ክብደት መቅለሉን መዝግቧል። ምንተስኖት ጉሙን ገፈፈና ቁጥር አምስትን ጎንበስ ብሎ አያት። እኔን ስትል ግራጫው ጭንቅላቷ ወደ ጎን አልዞረም። ወደ ፊት፣ ወደ ታች፣ ወደ አስፋልቱ ነው ያዘነበለው። ሰውየው ደግሞ እውነትም ተኝቷል፤ የተኛ ሰው አንገቱ ባመቸው ይዘነብላል።

እፎይ አለ። ትንሽ ቆይቶ እፎይታው ቆመጠጠው፤ ከተኛው ሰውዬ ነጻ ወጣ እንጂ የወደቀው አለ። አሁንም አለ። መልክ የለው፣ ክብደት ብቻ ያለው ሰው ነው፤ ምንተስኖት ረዥም መሆኑን ግን ከወዲሁ እርግጠኛ ሆኗል።

ሌላም ሐሳብ መጣ፤ ይህኛው ለስለስ ብሎ፣ ባለጌ መሆኑን ደብቆ ነው የመጣው። ቢፈርምስ? ዳኜ እንዳለው «ጥፋቷን ተቀብላለች» ብሎ ቢፈርም፣ ማንም አይጠይቀውም። ሰባ ከመቶ። አሥር ዓመት። ሸዋ ሮቢት ቁልቁለቱን በእግር የሚደረስበት አይደለም፤ መቅደላዊት ደብረ ብርሃን ትቀራለች። ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት። ሲመሽ የት እንዳለች ያውቃል። ከከተማ የሚያወጣት መኪና፣ ጎኗ የሚቀመጥ ወንድ አይኖርም። አፈረ ቢባል ደስ ባለ፤ ግን አላፈረም። እንዲያውም ሐሳቡን እንደ ትኩስ ሻይ ፉት እያለ ትንሽ ተደሰተበት።

ለመፈረም አንድ ነገር ብቻ ቀረው። የአሠራር ደንቡ ባለሙያው ሳይፈርም ዋናውን ቦታ ቆሞ እንዲያይ ያዛል። ከሾፌሩ ፊት፣ መንገዱ ላይ፣ ግጭቱ የተጀመረበት ላይ። ምንተስኖት ሄዶ ቆመ። ቁጥር አምስት ከፊቱ ጉሙን ሰንጥቃ መጣች። ቆሞ ሲያየው ግን ነገሩ አልገጠመም፤ የሴትየዋ ጭንቅላት ያዘነበለው ከጉልበቱ በታች ወዳለው ቦታ ነው። መለሰውና በጉልበቱ ተንበረከከ። አሁንም ዝቅ ማለት አለበት። ሦስተኛ ጊዜ መለሰውና በደረቱ ወለሉ ላይ ተኛ፤ የወደቀው ሰው የወደቀበት ላይ።

መኪናዋ መጣች። መስታወቱ ውስጥ ያችው ፊት የሌላት ሴት ወደ እሱ ጎንበስ አለች፤ በቀጥታ ወደ እሱ።

«እኔን!» አለችው።

መሪውን ስባ፣ ጎኗን ለፒካፑ ሰጥታ፣ እሱን ሳትነካው አለፈች።

ምንተስኖት አልተነሳም። «መልስ» አለ። እንደገና መጣች፣ እንደገና አለችው፣ እንደገና ሳተችው። ያ ድምፅ የእሷ እንዳልሆነ ያውቃል፤ የሕፃኑም የሽማግሌውም ድምፅ ነው። ቃሉም የእሱ አይደለም፤ የሌላ ሰው ቃል ላይ ተኝቶ ነው እየሰማ ያለው። ያም ሆኖ ስንት ዓመት ያልሰማው ቃል ነው። በዚህ ዓይነት ቃል የምትጠራ ሴት ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ፣ አፏን ዘግታ፣ እሱ ቃሏን ስንት ጊዜ ለሌላ ወንድ ቆጥሮባት ነበር! አለቀሰ። ቅናት ነው ወይስ ሐዘን ቢሉት መለየት አይችልም ነበር፤ ሁለቱም ነበሩ።

«ምንተስኖት? ምን ሆነሃል አንተ?»

የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ የትናየት በር ላይ ቆመው ነበር። እኚህ ሴት ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ከማሽኑም ከሠራተኛውም ጋር ሳይጣሉ የኖሩ ናቸው።

«ምንም አልሆንኩም፣ ወይዘሮ የትናየት። ቦታውን እያየሁ ነው።»

«ተኝተህ?»

«ሰውየው ወድቆ ነበር።»

«የትኛው ሰውዬ? ዳኜ ሰው አላቆመም።» ጽሑፉን ዓይናቸውን አጥብበው አነበቡ። «ቆይ… እኔን ጠይቁ? ይኼ ማሽን እናት የለውም እንዴ? እናቴ እንኳን ሰው ድመት ሲወድቅ እኔን ትል ነበር።»

«አሁን የሚል ሰው የለም።»

«እንዴት ይበል፤ ሁሉ አፉን ዘግቶ እየሄደ!» አሉና ወደ እሱ ተመለሱ። «እንግዲያው አትፈርም። ችሎት ቀርበህ ቃሉን አስረዳ፤ መብትህ ነው። ግን ከዳኜ የተለየ ሰው ምክንያቱን በደንብ ይጠየቃል፤ አስብበት።»

አሰበበት። ችሎቱ የተሰየመው በሳምንቱ ነው። ሾፌሮቹ ፊታቸው እንዳይታይ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጠዋል። ምንተስኖት ከመጋረጃው ሥር የቁጥር አምስትን ጫማ ያያል፤ ባለፈው ዓመት ራሱ የገዛላት ነው።

ዳኛዋ ወጣት ናት፤ ነገር ግን ትዕግሥተኛ። የአውቶቡሱን በርና ክብደት ሲያስረዳ ሰማችው። ቃሉ ላይ ሲደርስ አቋረጠችው።

«አቶ ምንተስኖት፣ ቃሉን እኔም ሰምቼው አውቃለሁ። ግን አያቴ እኔን የምትለው ለሚወዱት ሰው ነበር። ለልጅ፣ ለወንድም። እዚህ ወደቀ ያሉት ሰው ለሾፌሯ ባዳ ነው። ለባዳ ሰው በድንገት እንዲህ ይባላል? ጎኗ ላለው ተሳፋሪ ደንግጣ ይሆናል፤ ወይም ማሽኑ እንዳለው ራሷን ወቅሳ ይሆናል። ወድቋል የሚለው የእርስዎ ግምት ነው።»

«ይህች ሴት ለባዳም ትላለች» አለ ምንተስኖት።

«በምን ያውቃሉ?»

እዚህ ላይ መመለሻ ነበረው። «ይመስለኛል» ቢል፣ ዳኛዋ አመስግና ታሰናብተውና የዳኜን ሰባ ታጸድቀው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምንተስኖት ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ስንቱን ሰው በአፉ እግረኛ አድርጓል።

«አውቃታለሁ። ሚስቴ ናት።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ከመጋረጃው ሥር ያለው ጫማ ወደ ኋላ ተሰበሰበ። ወይዘሮ የትናየት ኋላ ወንበር ላይ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«መቼ አወቋት?» አለች ዳኛዋ።

«በመጀመሪያው ቀን።»

«ለምን አላስታወቁም?»

«ጎኗ የተቀመጠው ወንድ ማን እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነበር።»

አንዳንዱ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቀችም።

«ከዛሬ ጀምሮ ሥራዎ ላይ እንደማይቆዩ ይረዱታል። ባል ለሚስቱ የሚሰጠው ምስክርነት ደግሞ ምን ያህል እንደሚመዝን ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ፣ ክብርት ዳኛ። ለእሷ ማድላት የፈለገ ባል ቢሆን እውነት ነው። እኔ ግን ቀናተኛ ነኝ፤ ደብረ ብርሃንን ይጠይቁ። ሚስቴ ለማታውቀው ሰው፣ ለወንድ፣ ነፍሷን እኔን ብላ ሰጠች ብዬ በአደባባይ ከምናገር ምላሴ ቢቆረጥ እመርጥ ነበር። መዋሸት ብፈልግ የምዋሸው በሌላው በኩል ነበር። ለእግረኝነት ልተዋት ነበር፤ እንዳትለየኝ ብዬ ደስ እያለኝ ልፈርምባት ነበር።» ወደ መጋረጃው ዞረ። «ለሁሉም ሰው ትላለች። ምጥ ለያዛት ትላለች፣ ዕቃ ለሚያመላልስ ትላለች። ቃሏን የማትሰጠው ለአንድ ሰው ነው። ለእኔ። በእኔ ፊት መናገር ካቆመች ቆየች፤ በተናገረች ቁጥር ለማን ነው እያልኩ ስለጠየቅኋት። ስለዚህ ለማን እንደምትል ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሰው ወድቋል። ሰው ካልወደቀ አትለውም።»

ከመጋረጃው ኋላ አንድ የታፈነ ድምፅ ተሰማ። ሲቃ ይሁን ሳቅ አልታወቀም።

ችሎቱ ተመካከረና የቁጥር አምስትን ድርሻ ወደ አሥራ ሁለት አወረደው። የጭነት መኪናው የራሱን ወሰደ። የተረፈውን ለጉሙ መዘገቡት፤ ጉም ደግሞ እግረኛ አይደረግም። ምንተስኖት የጉም ቤት መግቢያ ወረቀቱን እዚያው አስረከበ።

ውጭ ደጁ ላይ መቅደላዊት ጠበቀችው። ሻንጣዋ ከእግሯ ሥር ነው፤ ውሳኔው እንዴትም ቢሆን ከዚያ ቤት ልትወጣ አስባ መምጣቷ ነበር። የምትሄድበት መኪና በሩን ከፍቶ ቆሟል። ዓይኗ ቀልቷል።

«እንዲህ ትናገራለህ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም» አለችው። «እግዜር ይስጥህ።»

«ሥራሽን ትጀምሪያለሽ እንግዲህ።»

«ሰኞ።» ወደ መኪናው አልገባችም። ሻንጣዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች፤ ልትሄድ የቸኮለች አትመስልም ነበር። «ሌላ የምትለኝ ነገር የለም?» አለችው በቀስታ።

ነበር። ይቅር በይኝ የሚል ነበር፤ ሸዋ ሮቢት ድረስ መጥቼ ልጠይቅሽ የሚል ነበር፤ አዳራሹ ወለል ላይ ተኝቼ አለቀስኩ የሚል ነበር። ሁሉም ጉሮሮው ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው ሌላ ነገር ሾልኮ ቀድሞ ወጣ።

«ያ ሰውዬ…» አለ። «ከወደቀበት ማን አነሳው?»

መቅደላዊት ጥቂት አየችው።

«እኔ ነኝ» አለች።

«እጁን ይዘሽ?»

ፈገግ ያለች መሰለ፤ በሕመም ላይ እንዳለ ሰው ነው እንጂ ፈገግታም አልነበረም። ሻንጣዋን አስገብታ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። መኪናው መድረሻዋን ጠየቃት፤ ሸዋ ሮቢት አለችው። በሩ ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሁሉም ሰው ዝም አለች።

ምንተስኖት መኪናው ከዓይኑ እስኪጠፋ ቆሞ ተመለከተ። ጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። መንገድ ላይ ግን ሰው ያሳፍራል፤ ጣርማ በር ሳይደርስ ማን ይገባበት ይሆን እያለ ወደ ቤቱ በእግሩ አዘገመ።